ዓይን እንደ ጆሮ አይደለም፦ ቪዲዮ ሚክስ ለሚጀምር ዲጄ

ሰሞኑን ሁለት ጓደኞቼ፣ ሁለቱም ጥሩ ዲጄዎች፣ የተመካከሩ ይመስል አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘውልኝ መጡ። «ቪዲዮ ሚክስ ልጀምር ነው፤ ምን ልግዛ?» ቪዲዮ ሚክስ ማለት ዘፈኖችን ከነቪዲዮአቸው ስክሪን ላይ እያሻገሩ ማጫወት ነው። ለሁለቱም የመለስኩት አንድ ነው። ለጊዜው ምንም አትግዙ። ያላችሁ ላፕቶፕና ኮንትሮለር (ሶፍትዌሩን በእጅ የምትቆጣጠሩበት ዕቃ) ለመጀመሪያ ይበቃል። የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ ያንን ነገር የምናውቀው መድረክ ላይ ከቆምን በኋላ ስለሆነ፣ ቀደም ብላችሁ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ጆሮ ሁለት ዘፈን አንድ ላይ መስማት ይችላል። ቢታቸው፣ ማለትም የሙዚቃው ምት፣ ከገጠመና ቃናቸው ካልተጋጨ፣ 32 ቢት ሙሉ ጎን ለጎን ብታስኬዷቸው ሰው ይወደዋል፤ እንዲያውም የዲጄ ሙያ ያለው እዚያ ላይ ነው። ፍጥነቱ 120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ቢት) ከሆነ 32 ቢት 16 ሰከንድ ይወስዳል። አሁን ያንኑ 16 ሰከንድ በምስል አስቡት። የአንዷ ዘፋኝ ፊት በሌላው ዘፋኝ ፊት ላይ ተደርቦ፣ አንዱ ቀን ላይ ሌላው ማታ ላይ የተቀረጸ፣ ሁለት አፍ ሁለት የተለያየ ግጥም ሲል። ዓይን ይህን አይችልም። የቱን እንደሚከተል ግራ ስለሚገባው መከተሉን ይተወዋል።

እኔ የመጀመሪያዎቹን ወራት ይህን ሳላውቅ ነው ያሳለፍኳቸው። ሶፍትዌሩ የቪዲዮውን ክሮስፌደር (ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው የሚያሻግረውን ተንሸራታች መቆጣጠሪያ) ከድምፁ ክሮስፌደር ጋር አስሮ ነበር የሰጠኝ፤ እኔም አልፈታሁትም። ድምፁን ቀስ ብዬ ሳሻግር ምስሉም አብሮ ቀስ ብሎ ይሻገራል። አንድ ማታ ፊት ለፊት ሲጨፍር ያመሸ ሰው መጥቶ «ሙዚቃህ ደስ ይላል፣ ስክሪኑ ግን አደከመኝ» አለኝ። እቤት ገብቼ የማታውን ቅጂ ሳየው እውነቱን ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትማሩት ሁለቱን መፍታት ይሁን። ድምፁ በራሱ ጊዜ ይሂድ፣ ምስሉም በራሱ ጊዜ። ሶፍትዌራችሁ ውስጥ ይህን የሚለይ ማስተካከያ ፈልጉ፤ በአብዛኞቹ ውስጥ አለ። ከዚያ እኔ የምከተላት አንዲት ሕግ አለች፦ የማን ድምፅ እየተሰማ ነው? የሚዘፍነው ሰው ስክሪኑ ላይ ይሁን። አዲሱ ዘፈን ከሥር በከበሮ ብቻ እየገባ ከሆነ ምስሉን አታምጡት፤ ይጠብቅ። የድሮው ዘፈን ድምፅ አልቆ አዲሱ ዘፋኝ አፉን የሚከፍትባት የመጀመሪያዋ ቢት ላይ ስትደርሱ ያኔ ቀይሩ። ያውም በፍጥነት፤ በአንድ ቢት፣ ቢበዛ በሁለት። በ120 ቢፒኤም ይህ ከግማሽ ሰከንድ እስከ አንድ ሰከንድ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ምንም ማሸጋገሪያ ሳይኖር ቀጥ ብሎ መቁረጥ ይበልጣል። ሶፍትዌሩ ውስጥ ያሉት የሚሽከረከሩ፣ የሚሰነጠቁ፣ እንደ ገጽ የሚገለበጡ ማሸጋገሪያዎች ያጓጓሉ፤ አውቃለሁ። ግን በትክክለኛው ቢት ላይ የተቆረጠ ምስል ሰውነት ውስጥ ይገባል። የሚሽከረከረው ግን ዓይን ላይ ይቀራል።

ግጥም በሌለበት ረጅም መሸጋገሪያ ላይስ? እዚያ እኔ ድልድይ የምለውን ነው የማስገባው። ፊት የሌለበት፣ ታሪክ የሌለበት አጭር ክሊፕ፦ ጭስ፣ ውሃ፣ የሚንቀሳቀስ ብርሃን፣ ከመኪና መስኮት የተቀረጸ መንገድ። በስልካችሁ ራሳችሁ ቅረጹት፤ ከማንም መለመን የለባችሁም፣ ሌላ ዲጄ ጋርም አይገኝም። ርዝመቱን ግን በቢት ቁረጡት። 8 ቢት በ120 ቢፒኤም 4 ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከተቀረጸ ልክ 100 ፍሬም። እንዲህ የተቆረጠ ሉፕ (እየተደጋገመ የሚዞር ክሊፕ) ከሙዚቃው ጋር ሲዞር መጀመሪያና መጨረሻው አይታወቅም። በዘፈቀደ የተቆረጠ ግን በየዙሩ ትንሽ እየሸሸ ይሄዳል፣ ሰውም ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ይረበሻል።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ድሮ ይህ ሥራ የራሱ ማሽን ነበረው፤ ፓይነር በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዲቪጄ ኤክስ 1 ዲቪዲን እንደ ሲዲ ስክራች የሚያስደርግ፣ ማለትም በእጅ ወደፊትና ወደኋላ የሚያስኬድ ነበር። ዛሬ ላፕቶፕ ይበቃል። ቨርቹዋል ዲጄ የሚባለው ሶፍትዌር ቪዲዮ ሚክስ አብሮት ይመጣል፤ ሴራቶ የሚባለውን የዲጄ ሶፍትዌር ለሚጠቀም የማክ ሰው ሚክስኢመርጀንሲ የሚባል የቪዲዮ ፕሮግራም አለ። ሬዞሉም ሌላ ዓለም ነው። እሱ የቪጄዎች፣ ማለትም ምስሉን ብቻ የሚይዙ ሰዎች ነው፣ ድምፁን ሌላ ሰው ሲይዝላችሁ የሚያምር። ድምፅም ምስልም ለብቻ ለሚይዝ ጀማሪ ግን ሁለት ሶፍትዌር ባንድ ላይ ማንቀሳቀስ ይከብዳል፤ ለኋላ አቆዩት።

የፋይል ነገር ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ላፕቶፔ ደካማ ነው ብሎ የሚያማርር ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ የፋይሉ ዓይነት ነው። የተለመደው ኤምፒ4 ፋይል፣ ማለትም ኤች.264፣ እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉ አድርጎ አያስቀምጥም። አልፎ አልፎ አንድ ሙሉ ምስል ያስቀምጥና ለቀሪዎቹ ምን እንደተለወጠ ብቻ ይመዘግባል። ቀጥ ብሎ ሲጫወት ችግር የለውም። ስክራች ስታደርጉ፣ ወደኋላ ስታስኬዱ፣ ከኪው (ቀድማችሁ ምልክት ካደረጋችሁበት ቦታ) ወደ ኪው ስትዘሉ ግን ኮምፒውተሩ ወደ ቅርቡ ሙሉ ምስል ተመልሶ ከዚያ ጀምሮ ማስላት አለበት። መንተባተቡ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዲኤክስቪ እና ሃፕ የሚባሉት ኮዴኮች (ቪዲዮ የሚታሸግባቸው መንገዶች) ፍሬሙን ሁሉ ራሱን ችሎ ያስቀምጣሉ፤ የሚፈታውም ግራፊክስ ካርዱ ነው። ዋጋቸው ቦታ ነው፣ ፋይሉ በጣም ይገዝፋል። እኔ ቀጥ ብለው የሚጫወቱ የዘፈን ቪዲዮዎችን በኤምፒ4 እተዋለሁ፣ የምጫወትባቸውን አጫጭር ሉፖች ብቻ ወደ ሃፕ እለውጣለሁ። ከመለወጣችሁ በፊት ግን ሶፍትዌራችሁ እንደሚቀበለው በአንድ ክሊፕ ሞክሩ።

ቦታ ካነሳን፣ የ4 ደቂቃ ዘፈን በጥሩ ኤምፒ3 10 ሜጋባይት ገደማ ነው። ያው ዘፈን በ1080 (ቁመቱ 1080 ፒክሰል በሆነ) ቪዲዮ፣ በሰከንድ 8 ሜጋቢት ቢሆን 240 ሜጋባይት ይሆናል። ስለዚህ ያላችሁን ሙዚቃ ሁሉ በቪዲዮ ለመሰብሰብ አትሩጡ። በደንብ የምታውቋቸውን 40 ዘፈኖች ምረጡ። ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ላይ አድርጓቸው። ለመጀመር 720 ምንም አይልም፤ የሚጨፍር ሰው ፒክሰል አይቆጥርም።

መድረክ ላይ የሚያጋጥመው ደግሞ ሌላ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለዚህ ሥራ የተነገረ ነው የሚመስለኝ። እኔ አንድ ጊዜ የታዳሚውን ስክሪን ከላፕቶፔ ለይቼ ማራዘም ሲገባኝ፣ የላፕቶፔን ማያ እንዳለ የሚያሳየው ማንጸባረቅ ላይ ትቼው የራሴ የፋይል ዝርዝር ለታዳሚው ሁሉ ታየ። ሌላ ጊዜ የግል መልእክት ዘፋኟ ግንባር ላይ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ከመግባቱ በፊት ማሳወቂያዎችን እዘጋለሁ፣ ላፕቶፑ እንዳይተኛ አደርጋለሁ፣ ስክሪኑን ከሩቅ ሄጄ አያለሁ። ረጅም ኤችዲኤምአይ ኬብልም አትመኑ። ከ10 ሜትር አካባቢ በላይ ሲሆን ተራው ኬብል ምስሉን ብልጭ ድርግም ሊያደርገው ይችላል፤ ለርቀት ኤስዲአይ የሚባለው የቪዲዮ ኬብል ወይም በኔትወርክ ኬብል የሚያሻግር መሣሪያ ይሻላል።

የከንፈሩም ነገር አለ። የኤልኢዲ ስክሪን መቆጣጠሪያውም ሆነ ፕሮጀክተሩ ምስሉን ትንሽ ያዘገዩታል። በሰከንድ 30 ፍሬም ላይ አንድ ፍሬም 33 ሚሊሰከንድ ነው፤ አራት ፍሬም ከዘገየ ከንፈርና ድምፅ መለያየታቸው ይታያል። ሶፍትዌራችሁ ምስሉን ቀድሞ የሚልክበት ማስተካከያ ካለው እዚያው ቦታ ላይ በዓይናችሁ እያያችሁ አስተካክሉት። ከሌለው የዚያን ማታ ፊት በቅርብ የሚታይባቸውን ክሊፖች ቀንሱ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ የምለምናችሁ አለ፤ ብልጭታ። በ1997 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ አንድ የካርቱን ክፍል ቀይና ሰማያዊ እያፈራረቀ በፍጥነት ብልጭ ሲል ከ600 በላይ ተመልካቾች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ሆስፒታል ተወስደዋል። የተለመደው የጥንቃቄ መመሪያ በሰከንድ ከ3 ብልጭታ አይለፍ ይላል። በ120 ቢፒኤም በየቢቱ ብታበሩ በሰከንድ 2 ነው። በየግማሽ ቢቱ ካደረጋችሁት ግን 4 ሆነ፣ አለፋችሁ ማለት ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ማን እንደሆነ ከመድረክ አይታይም።

መብቱንም ጠይቁ። ቪዲዮውን መግዛት ሌላ፣ ሰው ፊት ማሳየት ሌላ ነው። ደንቡ በየአገሩ ስለሚለያይ የምትሠሩበት ቤት ፈቃድ እንዳለው፣ ፈቃዱም ምስልን እንደሚጨምር አረጋግጡ።

አሁን ልምምዱ። ለጊዜው 10 ዘፈን ብቻ ይዛችሁ 20 ደቂቃ ሚክስ አድርጉና ቅዱት። ከዚያ ድምፁን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ እዩት። እኔ መጀመሪያ እንዲህ ሳየው ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ዓይኔን አነሳሁ፤ ምንም የሚያርፍበት አልነበረም። በማግስቱ ያንኑ ሚክስ፣ ያንኑ ዘፈን፣ የምስል ለውጡን በግማሽ ቀንሼ ደገምኩት። ድምፁን ዘግቼ እስከ መጨረሻው አየሁት።