ሶሲዮሎጂ በእድር መዝገብ፦ ሰባተኛ ሳምንት

የሶሲዮሎጂ (የማኅበረሰብ ጥናት) ኮርሱ የስምንት ሳምንት ነው። እኔ ሰባተኛው ላይ ነኝ፤ ከጀመርኩ ግን ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ፣ አንዴ ጭራሽ ትቼው ነበር። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ጎበዝ ተማሪ ሆኜ አይደለም። እንደኔ ልጆቹን አስተኝቶ ማታ በስልኩ የሚማር ሰው ካለ፣ የቱ ጋ እንደተደናቀፍኩ ቢያውቅ አይከፋም ብዬ ነው።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ወደ ሶሲዮሎጂ የገፋኝ እድር ነው። አምና የሰፈራችን እድር ጸሐፊ አድርጎ መረጠኝ። መመዘኛው «ልጁ ኮምፒውተር ይችላል» የሚል ብቻ ነበር። ሦስት ወፋፍራም መዝገብ፣ አንድ ማኅተምና የቅጣት ደረሰኝ ጥራዝ ተረከብኩ። መዝገቡን ሳገላብጥ ሒሳቡ አላስቸገረኝም፤ ግራ ያጋቡኝ ሰዎቹ ናቸው። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው አያት የሚባለው ሰፈር የገቡ ሰዎች በየወሩ ሁለት ታክሲ ይዘው መጥተው ይከፍላሉ። እዚያም ሌላ እድር ገብተዋል። በሒሳብ አያዋጣም። ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ሳወራው «የሶሲዮሎጂ ጥያቄ ነው የጠየቅከው» አለኝ። በነፃ የሚሰጥ የመግቢያ ኮርስ ፈልጌ ተመዘገብኩ። ሰርተፍኬቱ በዶላር ስለሆነ ተውኩት፤ ትምህርቱ ያው ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት አሳፋሪ ነበር። ቪዲዮዎቹን በምሳ ሰዓት በቢሮ ዋይፋይ አወርዳለሁ (አለቃዬ ይህን እንዳያነብ)፣ ማታ አያለሁ። አስተማሪዋ ትፈጥናለች። ኦጉስት ኮምት የሚባል ፈረንሳዊ በ1838 «ሶሲዮሎጂ» የሚለውን ስም አወጣ፤ ሃሪየት ማርቲኖ የምትባል እንግሊዛዊት በ1853 ሥራውን አሳጥራ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፤ ከዚያ የትምህርቱ መሥራቾች የሚባሉት ማርክስ፣ ዱርካይም፣ ቬበር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስምና ዓመት ሸመደድኩ። ኩዊዙ ስምም ዓመትም አልጠየቀም። ከ10 ጥያቄ 4 አገኘሁ።

የጣለኝ ቃላቱ ነበሩ። «ኖርም» ሲባል «ደንብ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላውም ደንብ፣ ያኛውም ደንብ ሆነብኝ። ሲመረኝ ማስታወሻዬን ወደ አማርኛ ቀየርኩት፤ ያን ጊዜ ነገሩ ተፈታልኝ። ዊልያም ግራሃም ሰምነር የሚባል አሜሪካዊ በ1906 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ልማድ ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱን የጣሰ ሰው ቢበዛ ይሳቅበታል፣ «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል። ሌላውን የጣሰ ግን ይጠየፉታል፣ ይርቁታል። አስተማሪዋ ይህን ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀች። እኛ በሁለት ቃል ጨርሰነዋል፦ ወግና ነውር። አቦል ጠጥቶ በረካን ሳይጠብቁ መነሳት ወግ ማጉደል ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ በሳቅ መፍረስ ነውር ነው። በሚቀጥለው ኩዊዝ 8 አገኘሁ። እናንተም ብትጀምሩ ትርጉሙን መዝገበ ቃላት ውስጥ ብቻ አትፈልጉ። «ይህን እናቴ ምን ትለዋለች?» ብላችሁ ጀምሩ።

የሁለተኛው ሳምንት የቤት ሥራ «አንድ ትንሽ ልማድ ጣሱና የሚሆነውን መዝግቡ» ይል ነበር። ሐሳቡ ሃሮልድ ጋርፊንክል የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት ነው። ሰውዬው ተማሪዎቹን ገዛ ቤታቸው ገብተው እንደ ተከራይ እንዲሆኑ ያዛቸው ነበር፦ በጨዋነት፣ ካልተናገሯቸው በቀር ሳይናገሩ። ቤተሰቡ ግራ ይጋባል፣ ይቆጣል፣ «አመመህ እንዴ?» ይላል። እኔ ሰላምታን መረጥኩ። ጎረቤታችን እትዬ «ደህና አደርክ? ጤና እንዴት ነው? ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለቱን ትቼ አንድ በአንድ መለስኩላቸው። ወገቤን እንደሚያመኝ፣ እንቅልፍ እንደሌለኝ፣ ደመወዜ ወሩን አጋማሽ ላይ ጥሎት እንደሚሄድ። ዝም ብለው ሰሙኝ። በማግስቱ ማለዳ በሃይላንድ ጠበል ይዘው በር አንኳኩ። ባለቤቴ «ምን ብለሃቸው ነው?» ብላ ሁለተኛ እንዳልሞክር አስጠነቀቀችኝ። ሪፖርቱ ግን ጥሩ ነጥብ አመጣ።

ሦስተኛው ሳምንት የአሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት የራይት ሚልስ ነበር። በ1959 የጻፈው ነገር ለሒሳብ ሰው ይጥማል። 100,000 ሰው ባለበት ከተማ አንድ ሰው ሥራ ቢያጣ የራሱ ችግር ነው፤ ጠባዩን፣ ችሎታውን እናያለን። 50 ሚሊዮን ሠራተኛ ባለበት አገር 15 ሚሊዮኑ ሥራ ቢያጣ ግን የእያንዳንዱን ሰው ጠባይ መመርመር የትም አያደርስም። ይህን ሳነብ ያ የአያት ጥያቄዬ ትዝ አለኝ። አንድ ግትር ሰው ነው ወይስ ብዙ ሰው ነው? ቆጥሬ አላውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት ስለ ዱቦይስ የተነገረው ደግሞ አበረታታኝ። ይህ ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር በ1890ዎቹ ፊላዴልፊያ ውስጥ ጥቁሮች በብዛት በሚኖሩበት ሰፈር ተቀምጦ፣ ራሱ ቤት ለቤት እየዞረ ጠየቀ፣ መዘገበ። መጽሐፉ በ1899 ወጣ። እኔ መዞር እንኳ አያስፈልገኝም፣ መዝገቡ እጄ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ስልክ እየደወልኩ አድራሻ አጣራሁ። ከ118 አባላት 47ቱ ከሰፈሩ ወጥተዋል። ከ47ቱ መዋጮ ያቋረጡት ሦስት ናቸው። ግትርነት እንዳልሆነ ገባኝ። ምን እንደሆነ ግን አሁንም አልገባኝም።

አራተኛው ሳምንት ዱርካይም መጣ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ የቆየሁት። ዱርካይም በ1893 ያነሳው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ሰውን ከሰው ጋር አጣብቆ የሚያቆየው ምንድን ነው? ሁለት ዓይነት ትስስር አለ ይላል። አንደኛው ከመመሳሰል የሚመጣ ነው። ሁሉም ያርሳል፣ ሁሉም አንድ ነገር ያምናል፣ ይህን «ሜካኒካል» ይለዋል። ሁለተኛው ከመለያየት የሚመጣ ነው። አንዱ ይጋግራል፣ አንዱ ይሾፍራል፣ አንዱ መርፌ ይወጋል፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሆንለትም። ይህ «ኦርጋኒክ» ነው። ትስስር በዓይን ስለማይታይ ደግሞ ሕጉን ተመልከቱ ይላል። ሕጉ ጥፋተኛን ለማሳመም የቆመ ነው ወይስ የተጓደለውን ለማስተካከል?

የጽሑፍ ሥራችን ይህን በአንድ ከምናውቀው ድርጅት ላይ መሞከር ነበር። እድርን ወሰድኩ። ሊቀመንበር፣ ገንዘብ ያዥ፣ ተቆጣጣሪ፣ የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ፣ ማኅተም፤ ስለ ቢሮ አሠራር ብዙ የጻፈው ቬበር ቢያየው «ቢሮክራሲ» ብሎ በደስታ ይፈርምልን ነበር። በአንድ ድንኳን ሥር ዶክተሩም፣ ጫማ ሰፊውም፣ ሹፌሩም እኩል መዋጮ ከፍሎ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ወደ «ኦርጋኒክ» አዳላሁና ላክሁ።

ሥራችንን የምንተራረመው ተማሪዎቹ እርስ በርሳችን ነን። ከሦስቱ አራሚዎቼ አንዱ፣ ከየት አገር እንደሆነ አላውቅም፣ እንዲህ የሚል አስተያየት ጻፈ፦ ይህ እኮ የኢንሹራንስ ድርጅት ነው፤ በየወሩ ይከፈላል፣ ሰው ሲሞት ገንዘብ ይወጣል፣ ደንብ የጣሰ ይቀጣል። ታዲያ አዲሱ ነገር ምንድን ነው?

ተናደድኩ። ሁለት ቀን መልስ እያሰላሰልኩ ዋልኩ። መልስ ግን አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ መዝገቡን ስይዝ የማየው እንደዚያው ነበር፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ውዝፍ። ኮርሱን ያቋረጥኩት ያን ጊዜ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ያመለጡኝን ኩዊዞች ለማካካስ የተሰጠኝ የመጨረሻ ቀን ቅዳሜ ነበር። አርብ ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አደረ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ እድራችን ቴሌግራም ላይ መልእክት ተለጠፈ፦ የአንድ አባላችን ባለቤት አርፈዋል፣ ቀብር 9 ሰዓት። መብራት የመጣው 8 ሰዓት ነው። ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰካሁና ቁጭ አልኩ። በቀብር ላይ ቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሞ ስም የሚቆጥረው ጸሐፊው፣ ማለትም እኔ፣ ቤቴ ሆኜ ስለ ማኅበራዊ ትስስር ኩዊዝ ሠራሁ። 9 አገኘሁ።

እሑድ መዝገቡን ከፈትኩ። በእኔ ፈንታ ስም የያዘው ልጅ በስሜ ትይዩ «ቀሪ» ብሎ ጽፏል። መቶ ብር ቅጣት አወጣሁ፣ ለራሴ ደረሰኝ ቆረጥኩ፣ ማኅተም መታሁበት። በሒሳብ ተዘጋ። ግን በዚያ ቤት ደጅ ማለፍ አልቻልኩም። ሁለት ቀን በጓሮ ባለው ጭቃ መንገድ ዞሬ ታክሲ ያዝኩ። በሠልስቱ ባለቤቴ እዝን ይዛ ስትወጣ ተከትያት ሄድኩ። ባልየው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። ቀና ብለው አዩኝና «ሥራ በዝቶብህ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በላይ ምንም አላሉም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ማታ ዱርካይምን ደግሜ ከፈትኩ። መጀመሪያ ሳነበው ያለፍኩት አንድ አረፍተ ነገር አለ፤ በውል ውስጥ ያለው ሁሉ ውል አይደለም ይላል። ሁለት ሰው የሚዋዋለው ከውሉ በፊት የነበረ፣ ያልተጻፈ ነገር ስላለ ነው። ለአራሚዬ የመለስኩለት ይህንኑ ነው። ኢንሹራንስ ላይ የከፈለ ሰው ዕዳ የለበትም። እኔ መቶ ብሬን ከፍዬ፣ ደረሰኙን ይዤ፣ ዕዳው ያው አንገቴ ላይ ነው። ደንባችን ውስጥ ሐዘንተኛን አስገድዶ እህል ስለማስቀመስ የተጻፈ አንቀጽ የለም። ሌሊት አብሮ ስለማምሸትም የለም። አያት የገቡት ሰዎች የሚከፍሉትም ለዚህ ላልተጻፈው ይመስለኛል። አራሚው አውራ ጣት ብቻ ላከልኝ። ይሁን።

ነገሩን እንዳላሳምረው ግን ስድስተኛው ሳምንት ያዘኝ። ጌኦርግ ዚመል የሚባል ጀርመናዊ በ1908 ስለ «እንግዳ ሰው» የጻፈው አጭር ጽሑፍ አለ። እንግዳ የሚለው ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሄደውን አይደለም፤ ዛሬ መጥቶ ነገም የሚቆየውን ነው። ቅርብም ሩቅም ነው። ይህን ሳነብ ተከራዮቻችን ፊቴ መጡ። ሰፈራችን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የኖረች፣ ለቅሶ ሲሆን ከማንም በፊት ድንኳኑ ጀርባ ወጥ የምታማስል ሴት አለች። የእድሩ አባል አይደለችም። የአዲስ አባል መግቢያው ከአቅሟ በላይ ነው፤ «ተከራይ ነገ ይለቃል» ተብሎም ይታለፋል። ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች የከተማ እድርን መስፋፋት ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጋር ያያይዙታል። ከተማ ገብቶ ዘመድ ያጣ ሰው ቀባሪ እንዳያጣ የቆመ ነገር ነው። እንግዶች ያቆሙት እድር እንግዳ አላስገባም አለ። ይህን መዝገቤ ላይ የት ዓምድ ላይ እንደምጽፈው አላውቅም።

አንድ ያስደሰተኝ ነገር ልጨምር። ያን የዚመልን ጽሑፍ ያነበብኩበት የእንግሊዝኛ ስብስብ በ1971 የታተመ ነው። አዘጋጁን ሳይ ዶናልድ ሌቪን ይላል። ስለ እኛ አገር «ሰምና ወርቅ» የሚለውን መጽሐፍ በ1965 ያሳተመው የቺካጎው ሰውዬ ማለት ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሰባተኛው ሳምንት፣ ጎፍማን የሚባል ሶሲዮሎጂስት። በስኮትላንድ ሰሜን ባሉት የሼትላንድ ደሴቶች አንድ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጆቹ ከኩሽና ወደ መመገቢያው ሲገቡ ፊታቸው እንዴት እንደሚለወጥ ያየ ሰው ነው። ድንኳን ጀርባ ሽንኩርት እየከተፉ የሚሳሳቁትን ሴቶች ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ቪዲዮ አያስፈልገውም። በአንድ ማታ ጨረስኩት።

ባለፈው እሑድ ወርሃዊ ስብሰባ ነበረን። ቁጥሮቼን ይዤ ሐሳብ አቀረብኩ። 47 ሰው ሩቅ ነው የሚኖረው፤ ቀብር ላይ ለሚቀሩት ቅጣቱ ይነሳላቸው፣ ተከራዮች ደግሞ መግቢያውን በየወሩ ከፋፍለው ይክፈሉ አልኩ። ሁለተኛውን ሐሳብ ሰው ዝም ብሎ ሰማ። አንደኛው ላይ ጫጫታ ተነሳ። ጡሩምባ ነፊያችን ጋሼ ተነሱ። ቴሌግራም ከመጣ ወዲህም ንጋት 11 ሰዓት ላይ ይነፋሉ፤ አያት ድረስ እንደማይሰማ ያውቃሉ።

«ቅጣቱን ካነሳችሁ ጡሩምባውንም ተረከቡኝ» አሉ። «ሰው የማይቀጣበትን ነገር እኔ ምን ብዬ እጠራለሁ?»

አንዲት እናት ከኋላ «እኔ እስከ ዛሬ የመጣሁት መቶ ብር ፈርቼ መሰለዎት?» ብለው መለሱላቸው። ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አልሰማም። ሊቀመንበሩ ሁለቱንም ሐሳብ ለሚቀጥለው ወር አስተላለፉ፤ እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲያው ጻፍኩ።

የስምንተኛው ሳምንት ርዕስ «ማኅበራዊ ለውጥ» ይላል። ቪዲዮዎቹን ነገ በምሳ ሰዓት አወርዳለሁ።