ፀሐይን ፍለጋ

እህቴ የሱቋን የዱቤ ደብተር ኮምፒውተር ላይ ገልብጣ ሰጥታኛለች። ሱቋ እዚሁ ሀዋሳ፣ አቶቴ ነው። በየመስመሩ ስም፣ ስልክ፣ ቀሪ ዕዳ አለ። መለያው የእኛው ነጠላ ሰረዝ ነው፦ «፣»። ስም ሲጻፍለት ዕዳውን የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም እሠራልሻለሁ አልኳት። ሲ የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ እየተማርኩ ስለሆነ በሲ ጀመርኩት።

መስመር ለመቆራረጥ መጀመሪያ የተማርኩት ስትርቶክ (strtok) የሚባለውን የሲ ትእዛዝ ነው። ጽሑፉንና መለያውን ስትሰጠው ቁራጭ በቁራጭ ያወጣልሃል። በእንግሊዝኛው ኮማ ስሞክረው ሠራ። በ«፣» ስሞክረው ግን ስክሪኑ በጥያቄ ምልክት ተሞላ። አንድ ደህና ፊደል አልነበረም።

ሁለት ማታ ፈጀብኝ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ጽሑፉን ያስቀመጠበትን እያንዳንዱን ባይት በቁጥር አወጣሁት። ያኔ ነው የገባኝ። ፊደላትን ወደ ባይት በሚለውጠው ደንብ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል። የጽሑፍ ርዝመት ለኪው ስትርሌን (strlen) «ሀዋሳ»ን 9 ብሎ የሚቆጥረውም ለዚህ ነው። «፣» ደግሞ 225፣ 141 እና 163 ናት። ስትርቶክ እነዚህን ሦስቱን እንደ አንድ ምልክት አያያቸውም። ከሦስቱ አንዱን ባገኘበት ሁሉ ይቆርጣል። የ«ሀ»ም፣ የ«ለ»ም፣ የ«ፐ»ም የመጀመሪያ ባይት 225 ነው። ስለዚህ የሁሉንም ፊደል አንገት ቀላው። «ባ» ደግሞ ባሰባት፤ መጨረሻዋም 163 ስለሆነ መሃሏ ብቻ ተረፈ።

ሌላም አለ። ስትርቶክ በቆረጠበት ቦታ ዜሮ ባይት ስለሚጽፍ ዋናው መስመር ይበላሻል። ሁለት መለያ ከተከታተለበትም እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ስልክ ያልተጻፈለት ደንበኛ ዕዳው ስልክ ሆኖ ሊነበብ ነው። በሰው ገንዘብ እንዲህ አይደረግም።

ስለዚህ ስትርስትር (strstr) ወደሚባል ሌላ የሲ ትእዛዝ ዞርኩ። እሱ ሦስቱን ባይት አንድ ላይ፣ በቅደም ተከተላቸው ነው የሚፈልገው። ሲያገኝ ቦታውን ይጠቁመኛል። እስከዚያ ያለውን እቀዳለሁ፣ ሦስት ባይት እሻገራለሁ፣ እቀጥላለሁ። በዩቲኤፍ-8 የአንድ ፊደል ባይቶች ከሌሎች ፊደላት መሃል በአጋጣሚ አይገኙም፤ ስለዚህ በስህተት አይቆርጥም። የኮምፒውተር ባለሙያዎቹ ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ ዩቲኤፍ-8ን የነደፉት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። የእኛ ፊደል የዓለም ፊደላት መዝገብ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999። ከሰባት ዓመት በኋላ ለመጣ ፊደል ቦታው ተዘጋጅቶ መጠበቁ ደስ ይለኛል።

ትናንት ሱቅ ወስጄ አሳየኋት። «ጸሀይ» ብላ ጻፈች። ምንም የለም።

«እንዴት የለችም ይላል? ጠዋት እኮ ዘይት ወስዳለች!» አለችኝ።

ደብተሩን ሳይ «ፀሐይ» ነው የሚለው። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለስትርስትር ግን ሁለት ነው። ፋይሉን ሙሉ ወደ አንድ አጻጻፍ ልለውጠው ስል እህቴ ከለከለችኝ።

«ስማቸውን አትንካ። ራሳቸው እንደሚጽፉት ነው የጻፍኩት።»

እውነቷን ነው። ማታ ሌላ መንገድ አበጀሁ። መስመሩንም የሚፈለገውንም ስም ወደ ጊዜያዊ ቦታ እቀዳለሁ። እዚያ ብቻ «ሐ»ን ወደ «ሀ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ» እለውጣለሁ። ሁሉም ሦስት ሦስት ባይት ስለሆኑ ርዝመቱ አይዛነፍም። ማወዳደሩ በቅጂው ነው፤ የሚታየው ግን ዋናው መስመር ነው።

ዛሬ «ጸሀይ» ብላ ድጋሚ ጻፈች። «ፀሐይ» ከነስልኳ፣ ከነዕዳዋ መጣች።