የውጅግራው ነገር

“ማንን ልትገድልበት ነው?” አለችኝ እናቴ በስልክ፣ ጠመንጃ ልገዛ መሆኔን ስነግራት። ማንንም አልኳት። “ታዲያ የማይተኮስ ጠመንጃ ምን ይሠራልሃል?”

ጎጃም ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ አይንቀውም። እኛ ዘንድ ጠመንጃ ይታጠቁታል፣ ይፎክሩበታል፣ ለሠርግም ለለቅሶም ይተኩሱታል፣ ለልጅ ያወርሱታል። ሰብስቦ ማስቀመጥ ግን አልተለመደም። እኔም ቨርጂኒያ መጥቼ እስክኖር ድረስ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር።

ነገሩን የጀመረኝ ቻንቲሊ ውስጥ የሚካሄደው የጠመንጃ ትርኢት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ና እንሂድ ብሎ ወሰደኝ። አዳራሹን የሞላው ሰደፉ ጥቁር ፕላስቲክ የሆነ አዳዲስ መሣሪያ ነው፤ አንዱም ልቤን አልነካውም። ጥግ ካለ ጠረጴዛ ላይ ግን አንድ ረጅም፣ አቧራ የጠጣ ጠመንጃ ተጋድሟል። ሰደፉ ተሰንጥቆ በቆርቆሮ ተጠግኗል፤ ቆርቆሮው ዙሪያውን በትንንሽ ምስማር ተመትቷል። አንገቱ ላይ እርጥብ ቆዳ ተጠቅልሎበት፣ ቆዳው እዚያው ደርቆ እንጨቱን ጥርቅም አድርጎ ይዞታል። አጠጋገኑን ሳየው የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ሻጩን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጠመንጃው ውጅግራ ነው፣ እኛ የፈረንሳዩን ግራ የተባለ ጠመንጃ የምንጠራበት ስም፤ ወረቀቱም “ኢትዮጵያ” ይላል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አስመጪዎች ከአገር ቤት አሮጌ መሣሪያ በብዛት ገዝተው ስላመጡ ውጅግራውም፣ የቤልጅየሙ ቤልጅግም፣ የጣሊያኑ ካርካኖም አሜሪካ ገበያ ላይ ይገኛል።

የዚያን ቀን አልገዛሁም። ግሪን ካርድ ይዞ የሚኖር ሰው በጠመንጃ ጉዳይ አይቀልድምና መጀመሪያ ሕጉን ላንብብ አልኩ። በፌዴራሉ ሕግ እስከ 1898 መጨረሻ (በፈረንጆቹ) የተሠራ ጠመንጃ ጥንታዊ ዕቃ ነው፤ ሲገዛ የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ አይጠየቅበትም። ክፍለ ግዛቶች ግን የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው የሚኖሩበትን ማጣራት ግድ ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላው ደግሞ “ኪውሪዮ ኤንድ ሬሊክ” (ብርቅና ቅርስ እንደማለት) በሚሉት መደብ ይገባል። ለዚህኛው 21 ዓመት የሞላው ሰው 30 ዶላር ከፍሎ ሦስት ዓመት የሚያገለግል የሰብሳቢ ፈቃድ ማውጣት ይችላል፤ የማመልከቻው ቅጂ ለአካባቢው የፖሊስ ኃላፊም ይላካል። ፈቃዱ ያለው ሰው እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከሌላ ክፍለ ግዛት አስልኮ ቤቱ ድረስ ይቀበላል። በምላሹ የገዛውንም የሸጠውንም በመዝገብ መጻፍ አለበት፤ መነገድ ደግሞ አይፈቀድለትም። በጊዜያዊ ቪዛ ያላችሁ ጠበቃ ሳታማክሩ ጥይት እንኳ እንዳትነኩ።

ውጅግራውን በኋላ ከዚያው ሻጭ ገዛሁት። ባዶ መሆኑን በዓይኔም በጣቴም አረጋግጬ፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አሮጌ አንሶላ ዘርግቼ ፈታሁት። ቅባቱ ከአቧራ ጋር ተጋግሮ እንደ ሬንጅ ሆኗል። በዘይት በራሰ ጨርቅ ቀስ እያልኩ ሳሸው በግራ ጎኑ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ ሴንት ኤቲየን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ፣ ሞዴል 1874። አፈሙዙ በኩል ሳይሆን ወደ ማጉረሻው ጠጋ ብሎ ደግሞ በርሜሉ የተሠራበት ዓመት ተመትቷል፤ 1877። አንድ ጎራሽ ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር የሆነች ወፍራም ጥይት እየጎረሰ አንድ በአንድ ይተኩሳል።

ፈረንሳይ በ1886 (በፈረንጆቹ) ጭስ በሌለው ባሩድ የሚሠራውን ሌቤል ስትይዝ ይህ ሁሉ ግራ ጠመንጃ አንድ ጊዜ አሮጌ ሆነባት። ብዙው በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ እኛ አገር ወረደ። የዚያ ዘመን የቀይ ባሕር ዳርቻ የመሣሪያ ገበያ ነበር፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እንኳ ግጥሙን ትቶ ከታጁራ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ለምኒልክ ሊሸጥ ሸዋ ድረስ መጥቷል። የእሱ ግን ከውጅግራም የባሰ ያረጀ ነበር፤ ንጉሡም ዋጋውን አጥብቀው ተከራክረውታል።

ሻጩ “የአድዋ ጠመንጃ ነው” ብሎኝ ነበር። ይህን ቃል ጨምሮ ዋጋውንም ጨምሯል። አድዋ ላይ ውጅግራ ብዙ እንደነበረ እርግጥ ነው፤ ጣሊያኖቹም የያዙት በአብዛኛው ቬተርሊ የሚባለውን አሮጌ ጠመንጃቸውን ነበር። ግን ይህኛው የካቲት 23 ቀን 1888 (በእኛ አቆጣጠር) እዚያ ስለመዋሉ ብረቱ ላይ አንድም ምልክት የለም። 1877 የሚለው ፋብሪካ የወጣበትን እንጂ አገራችን የገባበትን አይናገርም፤ ውጅግራ ደግሞ ከአድዋ በኋላም መግባቱን አላቆመም። መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ለብረቱ ክፈሉ፣ ለወሬው አትክፈሉ።

ከዚህ የተነሣ ከአንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ጋር ሳንግባባ ቀርተናል። ደህና ሰው ነው፣ ብዙ አስተምሮኛል። “ይሄን ቆርቆሮ ነቅለህ ንጹሕ የፈረንሳይ ሰደፍ ግጠምለት፣ ዋጋው እጥፍ ይሆናል” አለኝ። እኔ ደግሞ ብረቱም እንጨቱም የፈረንሳይ ከሆነ የእኛ ሰው የቀረለት ቆርቆሮው፣ ምስማሩና ቆዳው ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ነቅዬ ብጥል ምኑን ሰበሰብኩት? እንጨቱን የተልባ ዘይት ቀባሁት፣ ቆዳውን ግን አልነካሁትም። ዝገቱንም በሽቦ ብሩሽ አልፈገፈግኩም፤ ያረጀ ብረት መልኩ ከተገፈፈ አይመለስም።

አልተኮስኩበትም፤ የምተኩስም አይመስለኝም። ጥይቱ እንደ ልብ ሱቅ አይገኝም፤ የሚተኩሱ ሰዎች ራሳቸው በጥቁር ባሩድ ይሞሉታል፣ ያውም ጠመንጃውን ባለሙያ አይቶላቸው። የዘመኑን ባሩድ የሞላበት ሰው ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል።

አንዳንድ ወዳጆቼ “አባቶቻችን በደም ያቆዩትን መሣሪያ ለፈረንጅ ቸበቸቡት” ብለው ይናደዳሉ። ንዴቱ ይገባኛል። እስከማውቀው አንድም ሳይመዘገብ፣ የየት አውራጃ እንደሆነ እንኳ ሳይጻፍ በቶን መሸጡ እኔንም ያቃጥለኛል፤ ከመሸጡ ይልቅ ያልተጻፈው ነው የሚቆጨኝ። ደግሞስ እኔስ ገዢ አይደለሁም? በዚህ ላይ ከራሴ ጋር ገና አልታረቅሁም።

ቀጥሎ የምፈልገው ቤልጅግ ነው፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት የተገዛው፣ የይሁዳ አንበሳ የተመታበት። ፈቃዱን አውጥቻለሁ፣ መዝገቡንም ገዝቻለሁ። ልጆች ስላሉን ሁሉም የሚቀመጠው ቁልፉ እኔ ዘንድ ባለ የብረት ካዝና ውስጥ ነው። ባለቤቴ ካዝናው የሞላ ቀን መሰብሰቡ ያበቃል ብላለች። የሚይዘው ስድስት ነው፤ ተስማምተናል።