የረቡዕ ምሳችን፦ የ2018 የእንቁጣጣሽ መልእክት

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! ሀገር ቤት ያላችሁም፣ በየሰው ሀገር ሆናችሁ በዓሉን በስልክ የምታከብሩም፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ።

ዘንድሮ ስለ ምሳ ልጻፍላችሁ። የበዓሉን ምሳ ማለቴ አይደለም፤ ዶሮውንማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሥራ መሀል ወጣ ብለን፣ ተደዋውለን፣ ሰፈር ውስጥ ባለች ምግብ ቤት የምንበላትን የአዘቦት ቀን ምሳ ነው የምላችሁ። ዜናውን እንደ ሁላችሁም ከስልኬ ነው የማነበው። በሰው ኑሮ ላይ ምን እንዳደረገ የሚገባኝ ግን እዚያ ትሪ ዙሪያ ስቀመጥ ነው።

የኛ ቀን ረቡዕ ናት። ከመሀላችን ጿሚ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ ጴንጤም አለ። ሥጋ ካዘዝን ገበታው ለሁለት ይከፈላል። በያይነቱ ሲሆን ግን ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ዓርብም ጾም ነው፤ ግን ዓርብ ጁምዓ ስላለ ሰዓቱ ለሁላችንም አይመችም። ስለዚህ ረቡዕ ሆነች። ይህን ቁጭ ብለን የወሰንነው አይመስለኝም፤ እየዋለ እያደረ እንዲሁ ተለመደ።

ትሪው ሲመጣ ወሬው ለአፍታ ይቆማል። መሀል ላይ ሽሮ፣ ዙሪያውን ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥር፣ ጠርዙ ላይ ስንግ ቃሪያ። ሁሉም በፊቱ ካለው ይጀምራል። ቀድሞ የሚያልቀው ምስሩ ነው። ምስሩ የራቀበት ሰው ካለ አንዱ ጠቅልሎ ያጎርሰዋል። ከዚያ እንጀራ ይጨመራል፣ ወሬውም ይጀመራል።

ወሬው ባለፈው ዓመት ከኑሮ ብዙ አልራቀም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር። ዓመት ሳይሞላው ከእጥፍ በላይ ሆነ። የምንበላው ዘይት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ነገሩ ትሪው ላይ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ድሮ ሒሳብ ሲመጣ ግብግብ ነበር። አንዱ የአስተናጋጇን እጅ ይይዛል፣ ሌላው "ሞቼ እገኛለሁ" ይላል። አሁን አሁን ዝም ብለን እናዋጣለን። መዋጣቱ አይከፋኝም። የሚከፋኝ የቀረ ሰው ሲኖር ነው። መምህር ጓደኛችን ለወራት "ሥራ በዛብኝ" ሲለን ቆየ። ምሳውን ከቤት ቋጥሮ እየሄደ፣ ብቻውን ክፍል ውስጥ እንደሚበላ የሰማነው ከሌላ ሰው ነው። አሁን ምሳ ዕቃውን ይዞ ይመጣል። የምግብ ቤቷ ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ ከፍታ ትሪው ላይ ትገለብጠዋለች። የሚስቱ ጎመን ከምግብ ቤቱ ጎመን ይበልጣል፤ ይህን እትዬም አትክድም።

ከመስከረም ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው ደሞዝ ይሻሻላል ተብሏል። ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻው ከ6,940 ወደ 11,500 ብር። ከሐምሌ ወዲህ ደግሞ እስከ 2,000 ብር ድረስ ያለው የወር ገቢ ግብር አይቆረጥበትም። ጥሩ ነው፤ ደስ ብሎናል። የመምህሩ ስጋት ግን ደሞዙ እጁ ሳይገባ የቤት አከራዩ እንዳይሰማ ነው። ገበያው ወሬ ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ የምናውቀው ነገር ስለሆነ ስጋቱን ስጋቴ አድርጌዋለሁ።

ምግብ ቤቷ ድሮ ካዛንቺስ ነበረች። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ እትዬም ድስቷን ይዛ ወጣች። ጎረቤቶቿ ብዙዎቹ ገላን ጉራ ገቡ። እሷ ሌላ ሰፈር ከአንድ ፎቅ ጀርባ ጠባብ ቤት ተከራየች። በዚህ ጉዳይ ገበታችን እስካሁን አልተስማማም። አንዷ ጓደኛችን ማታ ማታ ልጆቿን ይዛ በሰፊው የእግረኛ መንገድ መብራት ስር ትሄዳለች። "ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማዬ ውስጥ ሳልፈራ ተራመድኩ" ትላለች። እውነቷን ነው። ሌላው ካዛንቺስ ተወልዶ ያደገ ነው። ዕድሩ ተበትኗል፣ ፀጉሩን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያስተካክለው ሰው የት እንደገባ አያውቅም። እሱም እውነቱን ነው። እኔ መንገዱን ወድጄዋለሁ። ግን ሰው ከጎረቤቱ ተለያይቶ ሲሄድ ጉዳቱ ከቤቱ ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ ነበረበት ባይ ነኝ።

ትናንት ጳጉሜን 5 ረቡዕ ነበረች። ዋዜማም ስለሆነ እትዬ ወለሉ ላይ ቄጠማ ጎዝጉዛ ጠበቀችን። ከትናንት በስቲያ ጉባ ላይ ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል የነበርን ሰዎች 14 ዓመት ጠበቅን። 5,150 ሜጋ ዋት! እትዬ ከመሳቢያዋ አንድ የቦንድ ወረቀት አወጣች። ያኔ የጉልት ነጋዴ ሳለች የገዛችው ነው። ከመታጠፉ ብዛት መሀሉ ሳስቷል። ወረቀቱን ከአንዱ ወደ አንዱ ተቀባበልነው። ከመሀላችን ፖለቲካው የማይጥመው ነበር፣ የሚጥመውም ነበር። ያን ወረቀት ይዞ ዓይኑ እንባ ያላቀረረ ግን አላየሁም። አንዷ "እናቴ መንደር ገና ኩራዝ ነው" አለች። "መስመሩ ሲደርስ ነው የምጨፍረው" አለች። ማንም አልተቆጣትም። እትዬ "እዚያ ሲደርስ እኔም ጥሪኝ" አለቻት።

አሁን የከበደኝን ልንገራችሁ። ከገበታችን ሁለት ሰዎች ከሰኔ ወዲህ አይነጋገሩም። የአንዱ ቤተሰብ ጎጃም ነው። በ2015 ክረምት የጀመረው ውጊያ አልበረደም። መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲጠፋ እናቱ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቅ ያደረባቸው ሌሊቶች አሉ። ሌላው ስለ ውጊያው ፌስቡክ ላይ የጻፈው ነገር አጥንቱን ነካው። እሱም መለሰለት። ከዚያ የማያውቋቸው ሰዎች ከሁለቱም ወገን እየገቡ አራገቡት። እነዚህ ሁለት ሰዎች እኮ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከዚህ የባሰ ተጨቃጭቀዋል! ያኔ ግን ትሪ ፊት ነበሩ። አንዱ ድምፁን ሲያነሳ ሌላው ፊቱን ያየዋል፤ ዓይኑ መቅላቱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን ያያል። መሀል ላይ አንድ ሰው "በሞቴ" ብሎ ጉርሻ ይዘረጋል። የጎረሰ ሰው ደግሞ እስኪውጥ ድረስ መስማት ግድ ይሆንበታል። ስልክ ላይ ይሄ የለም። ብዙ ወዳጅነት እንዲህ ባክኖ ሲቀር አይቻለሁ፤ እናንተም አይታችኋል።

ሜሪላንድ ያለችው ጓደኛችን ምሳ ላይ በቪዲዮ ትደውላለች። እኛ ጋ ሰባት ሰዓት ሲሆን እነሱ ጋ ገና ሊነጋ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል፤ እንጀራ አልጠፋባትም። "ዛሬ በምን እየተጨቃጨቃችሁ ነው?" ብላ ነው የምትጠይቀን። ስልኩን ውሃ ጠርሙስ ላይ አስደግፈን እናስቀምጣታለን፤ የክርክሩን ተራ ትጠብቃለች። ቤይሩትና ሪያድ በሰው ቤት ሆናችሁ፣ ዛሬም በሥራ የዋላችሁ እህቶቻችን፣ እናንተም ባሰባችሁኝ ሰዓት ሁሉ በልቤ አላችሁ። ከቤት ንብረታችሁ ተፈናቅላችሁ በየመጠለያው ዓመት የምትቀበሉም፣ ዓመቱ ወደ ቀያችሁ የምትመለሱበት ያድርግላችሁ።

እኔ ዛሬ ጠዋት አበባየሆሽ እያሉ በር ላይ የመጡትን ልጆች ከሸኘሁ በኋላ ለሁለቱም ደወልኩ። ማን ትክክል እንደነበር አላነሳሁም። የሚቀጥለው ረቡዕ መስከረም 7 ነው፣ ኑ አልኳቸው። አንዱ ወዲያው እሺ አለኝ። የጎጃሙ ልጅ ዝም አለ፤ ስለ እናቱ ጠየቅኩት፣ ነገረኝ፣ ረጅም አወራን። ሊዘጋው ሲል "በስንት ሰዓት ነው?" አለኝ። በሰባት ሰዓት ብዬዋለሁ።

መልካም አዲስ ዓመት!