ለኢንዶሜትሪዮሲስ የሚሆነው መድኃኒት ያለው በሌላኛው ክፍል ነው

በአቃቂ ቃሊቲ ጫፍ፣ በቱሉ ዲምቱና በአካባቢው ለሚሠሩ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና አዋላጆች ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ (ከወር አበባ ጋር ከባድ ሕመም ስለሚያመጣው በሽታ) ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ፣ ባለሙያዎቹ በሽታውን በላፓሮስኮፒ (ሆድን በትንሹ ቀድዶ በካሜራ በማየት) ብቻ የሚታወቅ የትልልቅ ሆስፒታሎች ጉዳይ አድርገው እንደያዙት ደጋግሜ ታዝቤአለሁ። በዚህም ምክንያት በየወሩ እየታመመች የምትመጣው ልጅ አንድ ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ሌላ ጊዜ አሜባ ወይም ጨጓራ ተብላ፣ የሕመም ማስታገሻ የዳይክሎፌናክ መርፌ ተወግታ ትሸኛለች። «ስትወልጂ ይለቅሻል» የሚለውንም ከጎረቤት ብቻ ሳይሆን ከእኛም ትሰማለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉ ይህ ሕመም አለባቸው። የማኅፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል አካል ከማኅፀን ውጭ በኦቫሪ (በእንቁላል ማምረቻው)፣ በሆድ ዕቃ ሽፋን፣ አንዳንዴም በአንጀትና በሽንት ፊኛ ላይ በቅሎ ብግነትና ጠባሳ ይፈጥራል። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ላፓሮስኮፒ የምስል ምርመራ ምንም ላላሳየላቸው፣ ወይም የተጀመረው መድኃኒት ላልሠራላቸው ወይም ላልተስማማቸው ታካሚዎች ብቻ እንዲደረግ መክሯል። ለጤና ጣቢያ ባለሙያ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ታሪክን በሚገባ ተቀብሎ ሕክምና መጀመር ይቻላል።

ከሥልጠናው ረጅሙን ሰዓት የሚወስደውም ታሪክ አቀባበሉ ነው። ሕመሙ ከትምህርት ወይም ከሥራ ያስቀራታል ወይ፣ በወር አበባዋ ሰሞን ስትጸዳዳ ወይም ስትሸና ያማታል ወይ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜ ወደ ውስጥ ጠልቆ ያማታል ወይ፣ እርግዝና ዘግይቶባታል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። አብረው የመጡትን እናት ጥቂት ውጭ እንዲጠብቁ በአክብሮት ሳይጠይቁ የእነዚህን ጥያቄዎች እውነተኛ መልስ ማግኘት አይታሰብም። አልትራሳውንድ ንጹሕ ነው መባሉም በሽታውን ውድቅ አያደርግም፤ በኦቫሪ ላይ ያለ ሲስትን (ፈሳሽ የያዘ ከረጢትን) ሊያሳይ ይችላል፣ በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ የተበተነውን ግን ብዙውን ጊዜ አያሳይም።

ከሕመም ማስታገሻው ከአይቡፕሮፌን ቀጥሎ የሚታዘዙት ጥምር የእርግዝና መከላከያ እንክብል (የደም ግፊት ለሌለባት)፣ ዴፖ የሚባለው የእርግዝና መከላከያ መርፌ እና በክንድ የሚቀበረው ኢምፕላንት ናቸው። እነዚህ የሚገኙት በቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ሲሆን ታማሚዋ ወረፋ የያዘችው ግን በተመላላሽ ክፍል ነው። ያላገባች ልጅ ወደዚያኛው ክፍል ስትገባ እንዳትታይ ትሰጋለች፤ በእኛ ሰፈር ደግሞ ወረፋ ላይ የማይተዋወቅ ሰው የለም። ስለዚህ መድኃኒቱ እዚያው በተመላላሽ ክፍል እንዲሰጣት፣ የሕመም ሕክምና መሆኑም ለእርሷና ፈቃዷ ከሆነ ለእናቷ እንዲነገር አጥብቄ እመክራለሁ።

ልጅ ለምትፈልግ ሴት ይህ መንገድ አይሆንም። ሆርሞኖቹ እርግዝናን ይከለክላሉ እንጂ ወደፊት የማርገዝ ዕድሏን አይጨምሩም፤ ስለዚህ ሳትዘገይ ወደ ማኅፀን ሐኪም ትላክ። በሪፈር ወረቀቷ ላይም «የሆድ ሕመም» ብቻ ተብሎ ከሚጻፍ፣ ሕመሙ የጀመረበት ዕድሜ፣ ከወር አበባ ጋር ያለው ግንኙነት፣ የተሞከረው መድኃኒትና ለምን ያህል ጊዜ እንደተወሰደ ይስፈር፤ አለዚያ ተቀባዩ ሐኪም ደግሞ ከሽንት ምርመራ ይጀምራል።