የኮርቻዬ ልብስ አራተኛ ሙከራ

ትናንት ከሆጤ ሜዳ ስመለስ የባለ አንድ ጎማ ሳይክሌን ኮርቻ ገልብጬ አየሁት። የልብሱ ጫፍ አልተነሳም። መሀሉም አልተነፋም። አንድ ወር ሞላው ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ጠግኜ ሦስት ጊዜ ስለተበላሸብኝ ደስታዬን ለእናንተ ሳልነግር ማደር አልቻልኩም።

ባለ አንድ ጎማ ሳይክል መንዳት ከጀመርኩ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። መጀመሪያ አጥር ይዤ፣ ቀጥሎ የጓደኛዬን ትከሻ ይዤ፣ ከዚያ ለብቻዬ። ይሄን ሁላችሁም አልፋችሁበታል። ደሴ ላይ ደግሞ መንገዱ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት፤ ለጥ ያለ ቦታ ፍለጋው ራሱ ግማሽ ሥራ ነው።

ስንወድቅ እኛ አብዛኛውን ጊዜ በእግራችን እንቆማለን። ሳይክሉ ግን በኮርቻው አፍንጫ ወይም በጅራቱ አስፋልቱን ይመታል። መሪ ስለሌለው ክብደታችን ከሞላ ጎደል ኮርቻው ላይ ነው፣ ጭናችንም እሱኑ ሲፈትግ ይውላል። ስለዚህ ቶሎ የሚያልቀው ልብሱ ነው። የእኔው አፍንጫው ጋ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረችው። ክረምቱ ሲገባ ስፖንጁ ውሃ መጠጣት ጀመረ። በተቀመጥኩ ቁጥር ውሃው እየወጣ ሱሪዬን ያርሰዋል።

መጀመሪያ በፕላስተር ጠቀለልኩት። ፕላስተር አትሞክሩ። ፀሐይ ሲያገኘው ሙጫው ቀልጦ ሱሪ ላይ ይለጠፋል፣ ከሱሪም አይለቅም። ሁለተኛው ቁራጭ ቆዳ በማስቲሽ መለጠፍ ነበር። እሱ የተላቀቀው በእኔ ጥፋት ነው። ማስቲሽ ሁለቱም ፊት ላይ ስስ ተደርጎ ይቀባል፣ ከዚያ ጣት ሲነካው የማይይዝ እስኪሆን አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል። እኔ ቀብቼ ወዲያው ለጠፍኩት። ሱፐር ግሉ የምትሉኝም አላችሁ። እሱ ሲደርቅ እንደ ጠርሙስ ነው፤ ይሰነጠቅና ጭን ይቆርጣል።

ሦስተኛው ላይ ሙሉ ልብሱን ልቀይር ወሰንኩ። መፍታቱ ቀላል ነው። ከስር 4 ዳዶ፣ ከፊትና ከኋላ የፕላስቲክ መከላከያዎቹን ብሎኖች፣ ከዚያ የስቴፕለር ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ መንቀል። አሮጌውን ልብስ እንዳትጥሉት፤ መቁረጫ ልኬታችሁ እሱ ነው። ዙሪያውን 3 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ ቁረጡ። እኔ ሳልጨምር ቆርጬ አንድ ሜትር ሰው ሠራሽ ሌዘር አባክኛለሁ።

መከራዬ የጀመረው ሁለተኛውን ሜትር ገዝቼ ሳለብሰው ነው። ኮርቻውን ከጎን እዩት፤ እንደ ሙዝ ነው። አፍንጫውና ጅራቱ ከፍ፣ መሀሉ ጎድጎድ ያለ። ሌዘሩን ከጫፍ ጫፍ ስትወጥሩት መሀሉ ላይ ከስፖንጁ ተነስቶ እንደ ከበሮ ይቀራል። በእጃችሁ ስትጫኑት ደግሞ በሁለቱም ጎን ይሸበሸባል። ሽብሽቡ ያለው ልክ ጭን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ሃያ ደቂቃ ነድቼ ስወርድ ቆዳዬ ተልጦ ነበር። ሽብሽቡን ቀድጄ ሰፋሁት፤ ስፌቱ ተተረተረ፣ በመርፌው ቀዳዳም ውሃ ገባ። ሳምንት ሙሉ አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ቆምኩ።

በመጨረሻ ፒያሳ አካባቢ ጫማ የሚሰፉ አባት ጋ ይዤው ሄድኩ። ሌዘሩን በሁለት ጣታቸው ቆንጥጠው ጎተቱና ለቀቁት።

«ልጄ፣ ይሄ ይሳብልሃል፣ መልሶ ይሰበሰባል። ቆዳ አምጣ። የፍየል።»

«ጋሼ፣ ቆዳስ አይሸበሸብም?»

«ደረቁን ከጎተትከውማ! አርጥበው እንጂ።»

የፍየል ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው። እኛ ባቲን የምናውቃት በሰኞ ገበያዋ ነው እንጂ የባቲ ፍየል ቆዳ በውጭ ቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ በስሟ የሚጠራ፣ ለስዊድ፣ ማለትም ገጹ እንደ ከፋይ ለሚለሰልሰው ቆዳ፣ የሚፈለግ ነው። ይሄን ሳውቅ እውነቴን ነው ኮራሁ።

ዘዴው ይሄ ነው። ቆዳውን ለብ ባለ ውሃ አርጥቡት፤ መንከር ሳይሆን ማርጠብ። ኮርቻው ላይ አልብሱት። ከዚያ የአሮጌ ጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ ሦስት ጣት ስፋት ቁረጡና ጎድጓዳው ላይ አጥብቃችሁ ጠምጥሙ። ላስቲኩ ቆዳውን ወደ ውስጥ እየገፋ እንዲደርቅ ያደርገዋል። ቆዳው ጎድጓዳውን እየለመደ ይደርቃል።

ግን ነሐሴ ላይ ደሴ ቆዳ ማድረቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። በሁለተኛው ቀን አላስችል ብሎኝ ፈታሁት፤ ውስጡ እርጥብ ስለነበር ተመልሶ ተነሳ። እንደገና አርጥቤ፣ ጠምጥሜ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ወሰድኩት። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቷም ሌላ ነው። ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ይሰነጠቃል። በማግስቱ ላስቲኩን ስፈታ ቆዳው ንቅንቅ አላለም። የላስቲኩ ጠርዝ ያተመው መስመር ዛሬም ይታያል። ሌላ ሰው ጠባሳ ይለው ይሆናል፤ እኔ እወደዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀሪ ሥራ ነው። ስፖንጁን በፌስታል ሸፈንኩት፣ ውሃ እንዳይገባ። የስቴፕለር ሽቦውን ተውኩት፤ ፕላስቲኩ አንዴ ከተበሳሳ በኋላ አይይዝም። በምትኩ የቆዳውን ጠርዝ በወስፌ እየበሳሁ፣ ሰም በተቀባ የናይለን ክር ከስር እንደ ጫማ ማሰሪያ ግራና ቀኝ አጠላለፍኩት። አፍንጫውን አስቀድሙ፣ ቀጥሎ ጅራቱን፣ ጎኖቹን መጨረሻ። ሲላላ ክሩን መሳብ ብቻ ነው።

አፍንጫው ግን አሁንም ያሳስበኛል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ወድቆ ቆዳው ላይ ጭረት አለ። ከአሮጌ በረባሶ ላስቲክ ቆርጬ መከላከያ ልሠራለት እያሰብኩ ነው። ቅዳሜ ወስፌውንና የላስቲክ ጥቅሉን ይዤ ሆጤ እመጣለሁ። ኮርቻው የተቀደደበት ካለ አሮጌውን ልብስ ሳይጥል ይዞ ይምጣ።