ሰርተፊኬቱ ያላየው ሸንተረር

የምሠራው ከቃሊቲ ወደ ገላን መውጫ ላይ ባለ የማሽን ሾፕ ነው። አብዛኛው ሥራችን የወፍጮ አክሰልና የፓምፕ መለዋወጫ ነው። አንድ ቀን ግን ለየት ያለ ትዕዛዝ መጣ፤ ወደ ኋላ ያዘመመ የአውሮፕላን ክንፍ ሞዴል፣ ከአሉሚኒየም። የሚፈተነው ውጭ አገር፣ ከድምፅ በሚፈጥን ነፋስ ውስጥ ነው።

ንድፉ ላይ አማካይ ሻካራነቱ ከ0.4 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) እንዳይበልጥ ተጽፏል። ተለካ፣ አለፈ፣ ከነሰርተፊኬቱ ተላከ።

ቆይቶ ፎቶ ደረሰን። ክንፉን ናፍታሊን ቀብተውታል፤ ያው ቁም ሳጥን ውስጥ የምናስቀምጠው። ነፋሱ በተረበሸበት ቦታ ቶሎ ይተናል። ነጩ ቅብ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እኩል የተራራቁ መስመሮች ታዩ። ከእነሱ ኋላ ቅቡ ሙልጭ ብሏል።

ፎርማናችን ነደደው። «ሰርተፊኬቱ ይኸው! ከዚህ በላይ ምን እናርግላቸው?»

ፖሊሽ የሚሠሩት ጋሼ ክርክሩ ውስጥ አልገቡም። አብሮ የተሠራውን መጠባበቂያ ሞዴል አወጡና መብራት አስጠፉ። የስልክ ባትሪ በጎን አበሩበት። «ና እስቲ ልጄ፣ እዚህ ጋ እይ።» ፍሬዛው፣ ማለትም ብረቱን የሚቆርጠው ማሽን፣ በየምልልሱ የተወው ሸንተረር ከብርጭቆ ወረቀትም ከፖሊሽም ተርፎ ተደርድሯል። እርቀቱን ለካን፤ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ። ከፎቶው መስመሮች ጋር ገጠመ።

መለኪያው ለምን አላየውም? በተለመደው የ0.8 ሚሊሜትር ማጣሪያ ስንለካ ከዚያ የሚረዝመውን ሞገድ ከቁጥሩ ያወጣዋል። መሣሪያው አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መለሰ።

ነፋሱ ግን ያየዋል። ባዘመመ ክንፍ ላይ ግፊቱ ከገጽታው ጋር የተጠጋውን ዘገምተኛ አየር ወደ ጎን ይስበዋል። ከዚህ የጎን ፍሰት ትንንሽ አዙሪቶች ይወለዳሉ። የት እንደሚተከሉና በምን ጉልበት እንደሚጀምሩ የሚወስነው በአብዛኛው የፊት ጠርዙ አጠገብ ያለ ጉብታ ነው፤ ማይክሮኖች ብቻ ቢሆንም። ያው ጉብታ ክንፉ መሀል ቢሆን ብዙም ላይጎዳ ይችላል። አዙሪቶቹ ሲያድጉ ለስላሳው ፍሰት ይፈርሳል። የአየር ሰበቃና ሙቀት ይጨምራል። ናሳ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤፍ-16 ኤክስኤል የተባለውን ጄት በድምፅ ሁለት እጥፍ ፍጥነት እያበረረ፣ ፍሰቱን ለስላሳ ለማቆየት ከ10 ሚሊዮን በላይ ቀዳዳ ባለው የቲታኒየም ገጽ በኩል አየር ይመጥ ነበር። እንዲህ ያለ ጣጣ አለው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የአየር ፍሰት ተመራማሪዎቹ እነዊሊያም ሳሪክ አሪዞና ውስጥ፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ በሆነ ነፋስ፣ 45 ዲግሪ ባዘመመ ክንፍ ላይ 6 ማይክሮን ከፍታ ያላቸው ነጥቦች ለጠፉ። እዚያ ክንፍ ላይ በጣም የሚያድጉት አዙሪቶች በ12 ሚሊሜትር የሚራራቁት ናቸው። ነጥቦቹ በ8 ሚሊሜትር ሲደረደሩ ግን በ8 ሚሊሜትር የተፈጠሩት ትንንሽ አዙሪቶች ትልልቆቹን አፈኗቸው፤ ለስላሳው ፍሰት ረዘመ። ሻካራነት ጨምረው ማለት ነው! ፎርማኑ ይህን ስነግረው እየቀለድኩበት መሰለው።

ሁለተኛውን ሞዴል ስንሠራ ፍሬዛው ከፊት ጠርዙ ጋር ትይዩ እንዲሄድ አደረግን። ጋሼም ጠርዙን በባትሪ ብርሃን እያዩ ደግመው ፖሊሽ አደረጉት። በአዲሱ ፎቶ መስመሮቹ ጨርሰው ጠፉ አልልም። ግን ደብዝዘዋል፤ እርቀታቸውም እኩል አይደለም። ነጩም ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ዘልቋል።

አሁን የክንፍ ሥራ ሲመጣ ዋጋ ከመንገራችን በፊት የፍሬዛው አቅጣጫና ምልልስ ንድፉ ላይ እንዲጻፍልን እንጠይቃለን። ጋሼ ደግሞ ለፊት ጠርዝ የተለየ ሂሳብ ያስከፍላሉ፤ ፎርማኑም አይከራከራቸውም።